«የለም» የማይሉት ጋሽ በሪሁን

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሁሉም ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሊወጣ ሲል «አንድ ጥያቄ አለኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ሰው ማንም የቀጠረው አይመስልም፤ ከሕንፃው ጋር አብሮ የተሠራ ነው የሚመስለው። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ባለች አንዲት የውሃ መመርመሪያ ላብራቶሪ ይህንን ሥልጣን የያዙት ክቡር አቶ በሪሁን ናቸው። የሥራ ባልደረባቸው ሽታዬም «ጋሽ በሪሁን» እያለች ለዓመታት ጥርሷን ነክሳ ችላቸዋለች።

የጋሽ በሪሁን በሽታ አንዲት ቃል ናት። ሰው «የለም» ሲል መስማት አይችሉም። «የለም ነው ወይስ አላየነውም?» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። ልቅሶ ቤት አንድ ሽማግሌ «ሟች ጠላት አልነበረውም» ሲሉ፣ ጋሽ በሪሁን «አልነበረውም ነው ወይስ አናውቅም?» ብለው የሟች ወንድም በትህትና እጃቸውን ይዞ እስከ በር ሸኝቷቸዋል።

ባሮ ዳር ሽታዬን ምሳ የጋበዟት ዕለትማ የባሰ ሆነ። የአሳ ቤቷ አስተናጋጅ ኛጉዋ «አሳ የለም፣ አልቋል» አለቻቸው።

«አልቋል ነው ወይስ ጓዳ ገብተሽ አላየሽም?»

«ጋሼ አንተ ደግሞ! እኔ ዓይን አለኝ። አሳ የለም አልኩህ፣ የለም።»

ክቡርነታቸው ተነስተው ጓዳ ገቡና፣ ተከድኖ የተቀመጠ ሳህን ላይ የተጠበሰ አሳ ይዘው ብቅ አሉ። «እሱ የኔ ምሳ ነው!» ብላ ጮኸች ኛጉዋ። ጋሽ በሪሁን ሳህኑን በክብር መለሱላት። «መኖሩን ለማረጋገጥ ያህል ነው» አሉና ሽሮ አዘዙ። ሽታዬ ከኀፍረቷ የተነሳ ቀና ሳትል በልታ ወጣች።

ላብራቶሪው ውስጥ በፕሮጀክት የመጣ ማሽን አለ። ስሙ ካፒላሪ ኤሌክትሮፎረሲስ ነው፤ አንዴ ለመጥራት ሙሉ ትንፋሽ ይፈጃል። የሚመረመረው ውሃ ከፀጉር ብዙም በማይወፍር የመስታወት ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል፣ ቻርጅ ያለው ነገር ሁሉ እንደየአቅሙ ይሮጣል፤ መጨረሻው ላይ መብራት ቆሞ የሚያልፈውን ያያል። ቱቦው ግን ከመቅጠኑ የተነሳ ትንሽ ነገር ሲያልፍ መብራቱ ልብ አይለውም። ስለዚህ ማሽኑ ለመጣው ውሃ ሁሉ ቀጥ ያለ መስመር ያወጣል። ዳይሬክተሩ አቶ ፍቃዱ እንደ ዓይናቸው ብሌን ይወዱታል። የሚወዱት ስለማያይ ነው፤ በቢሮ ዓለም እንደማያይ ሠራተኛ የሚወደድ የለም።

ታዲያ ጎግ ወረዳ፣ አንዲት የሰፈራ መንደር ውስጥ ጉድጓድ ተቆፈረና ፓምፕ ተተከለ። አጠገቡ የአረም መድኃኒት የሚረጭበት ሰፊ እርሻ ስላለ፣ ላብራቶሪው «ከመርዝ ነፃ» ብሎ እስኪፈርም ፓምፑ በሰንሰለት ታሰረ። ማሽኑ እንደ ልማዱ ቀጥ ያለ መስመር አወጣ። ጋሽ በሪሁን ግን እስክሪብቶ አልነካም አሉ።

«ማሽኑ አላየም ማለት እችላለሁ። የለም ብዬ ግን አልፈርምም።»

በዚያች መንደር የሽታዬ ታላቅ እህት ጥሩነሽ ትኖራለች። በስልክ እየደወለች ታለቅስባታለች። «ምን እየጠበቃችሁ ነው? ፓምፑ ደጃፌ ላይ ተቆልፎ እኔ ጊሎ ወንዝ ድረስ ጄሪካን ተሸክሜ እመላለሳለሁ። አለቅኩ እኮ እህቴ!»

ሽታዬ ሄዳ ለመነቻቸው። «ጋሽ በሪሁን፣ በእናትዎ ይፈርሙ። እህቴ እኮ ናት።»

«እህትሽ ስለሆነች ነው የማልፈርመው» አሏት። በጥፊ ልትላቸው ምንም አልቀራት።

ከዚያ በኋላ ሰውዬው ለማሽኑ ዓይን ሊተክሉለት ተነሱ። ዘዴው የጉድጓዱን ውሃ ጨው አስወግዶ፣ የቀረውን እጅግ ንፁህ ውሃ ውስጥ ማድረግ ነው። ንፁህ ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪኩ ጠንክሮ ስለሚገፋ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች ይፈተለካሉ፤ ቱቦው ውስጥ ካለው ጨዋማ ፈሳሽ ጋር ሲገናኙ ግን ፍጥነታቸው ይቀንስና፣ ገበያ ቀን ባሮ ድልድይ አፍ ላይ እንዳለው ሰው፣ የኋላው የፊተኛው ላይ ይታጨቃል። ተበትኖ ያልታየው ተጠጋግቶ ይታያል።

ንፁህ ውሃ የሚያወጣው ዕቃ ግን ከተበላሸ ቆይቷል። ጋሽ በሪሁን ግቢው መሃል አዲስ ላስቲክ ወጥረው ዝናብ ይጠብቁ ጀመር። ዘበኞቹ ሳቁባቸው። አቶ ፍቃዱም «ደግሞ የላስቲክ ንግድ ጀመሩ?» አሏቸው። ዝናቡ ሲመጣ ከነፋስ ጋር መጣ። ሽማግሌው በስብሰው ከላስቲኩ ጋር ሲታገሉ ሽታዬ በመስኮት አየቻቸው፤ «አብደዋል» አለችና ወጥታ ሌላውን ጫፍ ያዘች። ለምን እንደያዘችው እሷም አታውቅም።

መጀመሪያ የዝናቡን ውሃ ብቻውን አሳለፉት፤ መስመሩ ቀጥ አለ። ቀጥሎ የጉድጓዱ ገባ። የአረም መድኃኒቱ ብቅ ማለት ያለበት ቦታ ላይ መስመሩ ጉብ አለ፣ ደጋግመው ቢሞክሩትም ጉብ አለ። ልጅ ጠጥቶት የሚያድግበት መጠን አልነበረም። ሽታዬ ያን ቀን የሰውዬውን መሳሳት የፈለገችውን ያህል ምንም ነገር ፈልጋ አታውቅም።

አቶ ፍቃዱ ጉብታዋን ትክ ብለው አዩና «ማሽኑን ማነው የነካካው?» አሉ። ጥያቄያቸው ይኸው ብቻ ነበር። ጋሽ በሪሁን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። ምርመራው በቀድሞው መንገድ ተደገመ፣ መስመሩ ቀጥ አለ፣ ወረቀቱ ተፈረመ፣ ፓምፑም በሪባንና በጭብጨባ ተከፈተ።

ቅዳሜ ሽታዬና ጋሽ በሪሁን ወደ ፑኝዶ በሚመላለሰው በሹፌሩ በሱሩር መኪና ተሳፍረው መንደሯ ድረስ ሄዱ። ጥሩነሽ በደስታ ተቀብላ፣ እንግዳ ናቸውና ለጋሽ በሪሁን በብርጭቆ ውሃ አቀረበችላቸው። እሳቸው ተቀብለው መሬት አስቀመጡትና ያገኙትን አንድ በአንድ ነገሯት።

«ወረቀቱ ፓምፑ ላይ ተለጥፎ የለም እንዴ?» አለች ጥሩነሽ ፊቷ እየተለዋወጠ። «ንፁህ ነው ይላል። እርስዎ ከኔ ቤት ውሃ ይንቃሉ? እንግዲያው እኔው ልጠጣው!»

ብርጭቆውን አንስታ ወደ አፏ ስታስጠጋ ሽታዬ በእጇ መታችው። ብርጭቆው ተሰበረ። ጥሩነሽ ስብርባሪውን አየችና «ውጪልኝ፤ ሰውዬሽንም ይዘሽ ውጪልኝ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ስልክ አላነሳችላትም። ሽታዬን እህቷ በቁሟ የቀበረቻት ያህል ከበዳት። አንድ ቀን ሱሩር መኪናውን አቁሞ ጠራት። «እህትሽን ዛሬ ጠዋት አየኋት። ሴቱ ሁሉ ፓምፑ ጋ ተሰልፏል፣ እሷ አልፋቸው ጄሪካን ይዛ ወደ ጊሎ ትወርዳለች።»

ሽታዬ እየሮጠች ግምጃ ቤት ገብታ ለጋሽ በሪሁን አበሰረቻቸው። ደስ ይላቸዋል ብላ ነበር። እሳቸው ግን ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ።

«በዚህ ፀሐይ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ነኝ ይህን ያሸከምኳት።» ከዚያም ዓይናቸውን ጠርገው፣ «አፍልታ እንድትጠጣ በሱሩር ላኪባት። ወንዙንም ቢሆን ደህና ነው አላልኩም» አሉ።

ሽታዬ አጠገባቸው ተቀመጠች። ይህን ድርቅ ያለ፣ ማንንም አስደስቶ የማያውቅ ሰው እንደ አባቷ እንደምትወደው ያኔ ገባት። ግን አልነገረቻቸውም፤ ማስረጃ ይጠይቋታል።