ዘንዶ ዘንድ የተላኩ ሽማግሌ

[ሚዛን ተፈሪ። የገበታ ጨዋታ አፍቃሪዎች ፌስቲቫል። ሰፊው አዳራሽ ከጂማ፣ ከቦንጋ፣ ከቴፒ፣ ከማጂ ሳይቀር በመጣ ሰው ተጨናንቋል። እዚህ ዳማ፣ እዚያ ቼዝ፣ ወዲያ ካርታ። ውጭ ዝናብ ይጥላል። ጥግ ላይ፣ እስከ መሬት የሚደርስ ጨርቅ የለበሰ ትልቅ ጠረጴዛ ጋ መምህር ይሄይስ ብቻውን ተቀምጧል። የቴፒው ነጋዴ ጋሽ ሻሚል ጃንጥላቸውን እንደያዙ ፊቱ ቆመው ይከራከሩታል።]

ሻሚል፦ የለም አልኩህ!

ይሄይስ፦ አለ፣ ጋሽ ሻሚል።

ሻሚል፦ ዓይኔን በቅርብ ነው የተመረመርኩት። የለም!

ይሄይስ፦ ይሄ ጨዋታ በዓይን አይታይም። በሐሳብ ነው የሚጫወቱት። እኔ እተርካለሁ፣ እርስዎ ይኖሩታል።

ሻሚል፦ የት ነው የምኖረው?

ይሄይስ፦ እዚህ ውስጥ። [ግንባሩን ይነካል]

ሻሚል፦ አንተ ጭንቅላት ውስጥ?

ይሄይስ፦ በሁለታችንም ጭንቅላት ውስጥ።

ሻሚል፦ ጨዋታው ጭንቅላት ውስጥ ከሆነ ጠረጴዛው ምን ያደርግልሃል?

[ይሄይስ የጠረጴዛውን ጨርቅ ወደ ታች ሳብ ያደርጋል።]

ይሄይስ፦ የገበታ ጨዋታ ፌስቲቫል እኮ ነው። ያለ ገበታ እንዴት ይሆናል?

ሻሚል፦ ተባረክ! እኔም የመጣሁት ይሄንኑ ልልህ ነው። ባለቤቴ ጀውሃራና ጓደኞቿ ከቴፒ ድረስ ገበጣ ተሸክመው መጥተው ጠረጴዛ አጡ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ ገበጣውን ጭናቸው ላይ አድርገው ነው የሚጫወቱት። አንዷ ባስነጠሰች ቁጥር ጠጠሩ ይበተንና «ስንት ነበረኝ፣ ስንት ነበረሽ» ጠብ ነው። «ሻሚል፣ ያ ብቻውን የተቀመጠው ልጅ ጋ ሽማግሌ ሆነህ ሂድልን» ብለው ላኩኝ። በል ጠረጴዛውን ልቀቅ።

ይሄይስ፦ አልችልም።

ሻሚል፦ ማን አለህ? ከጠዋት ጀምሮ ዝንብ እንኳ አላረፈችብህም።

ይሄይስ፦ ሰው ይመጣል! እስካሁን ያልመጣው ጨዋታው ከብዶት ነው። አዲስ አበባ ላይ እኮ ሰው ተሰልፎ ነው የሚጫወተው። እዚህ አገር ግን ቆርኪ ካልተገፋ ጨዋታ አይመስለውም።

ሻሚል፦ እና አትለቅም?

ይሄይስ፦ እንዲህ እናድርግ። ይቀመጡና ከኔ ጋር ይጫወቱ። ዘንዶውን ካሸነፉ ጠረጴዛው የእናንተ ነው።

ሻሚል፦ የምን ዘንዶ?

ይሄይስ፦ ሲቀመጡ ይገባዎታል።

ሻሚል፦ [ወደ ደረጃው ጮኸው] ጀውሃራ! ትንሽ ታገሱ፣ ዘንዶ አለ! [ይቀመጣሉ]

ይሄይስ፦ መጀመሪያ ማን እንደሆኑ ይምረጡ።

ሻሚል፦ ሻሚል ነኝ።

ይሄይስ፦ በጨዋታው ማለቴ ነው። አዲስ ስም ያውጡ።

ሻሚል፦ የድሮው ምን ሆነ?

ይሄይስ፦ እሺ፣ ሻሚል ይሁን። ሙያዎትስ? ተዋጊ፣ ጠንቋይ ወይም ሌባ።

ሻሚል፦ በዚህ ዕድሜዬ?

ይሄይስ፦ ከሦስቱ አንዱን መሆን አለብዎት።

ሻሚል፦ ጥንቆላ ሐራም ነው። ሌባ ነኝ ካልኩ እኔ ቴፒ ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኝ ይገባል። ተዋጊ እንዳልሆን ወገቤ አይፈቅድም። ሽማግሌ በለኝ።

ይሄይስ፦ ሽማግሌ ዘንዶ አይገድልም!

ሻሚል፦ መግደልን ምን አመጣው? ገና ሳንነጋገር!

ይሄይስ፦ [በረጅሙ ተንፍሶ] እሺ፣ ሽማግሌ። መሣሪያስ?

ሻሚል፦ ጃንጥላ።

ይሄይስ፦ ሰይፍ አለ። ቀስት አለ። የመብረቅ በትር አለ።

ሻሚል፦ ዝናቡን በሰይፍ ልከላከል? ጃንጥላ አልኩ።

ይሄይስ፦ ይሁን። ይሄ ደግሞ ዳይስ ነው። ከባድ ነገር በሞከሩ ቁጥር ይጥሉታል። ከፍ ያለ ቁጥር ከወጣ ተሳካልዎት፣ ዝቅ ካለ ጉድ ሆኑ።

ሻሚል፦ [እያገላበጡ] ስንት ፊት ነው ያለው?

ይሄይስ፦ ሃያ።

ሻሚል፦ ሁለት ፊት ያለው ሰው አስመርሮኝ ነው የቡና ሽርክና የተውኩት፤ አንተ ሃያ ፊት ያለው አመጣህብኝ?

ይሄይስ፦ [ድምፁን አወፍሮ] ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ነዎት!

ሻሚል፦ በየት በኩል? በሸኮ ነው በማጂ?

ይሄይስ፦ በየትም አይደለም። የሐሳብ ጫካ ነው።

ሻሚል፦ ከሥሩ ቡና አለው?

ይሄይስ፦ የለው... እሺ፣ አለው።

ሻሚል፦ የማን?

ይሄይስ፦ የማንም አይደለም።

ሻሚል፦ የማንም ያልሆነ ቡና! [እስኪያስላቸው ይስቃሉ] ዘንዶውን እሺ፣ አምንሃለሁ። ይሄን ግን አላምንም።

ይሄይስ፦ ጫካውን አልፈው ሲወጡ አንድ ምንጭ አለ። አገሩ የሚጠጣው እሱን ብቻ ነው። ከምንጩ ላይ ግን ሰባት ራስ ያለው ዘንዶ ተጠምጥሞ አላስቀዳ ብሏል። አፉን ከፈተ—

[ከዳማው ጠረጴዛ «በላሁህ!» የሚል ጩኸት። ሻሚል ከወንበራቸው ይዘላሉ።]

ሻሚል፦ ማንን?

ይሄይስ፦ ዳማ ነው፣ ጋሽ ሻሚል። ዘንዶው ገና አልበላም። ምን ያደርጋሉ?

ሻሚል፦ አሰላሙ ዓለይኩም እለዋለሁ።

ይሄይስ፦ ዘንዶ ነው እኮ!

ሻሚል፦ ሙስሊም አይደለም? እንዲያ ከሆነ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ይሄይስ፦ «ዋላችሁ»?

ሻሚል፦ ሰባት ናቸው አላልክም?

ይሄይስ፦ አካሉ እኮ አንድ ነው!

ሻሚል፦ አካሉን አይደለም ሰላም የምለው።

ይሄይስ፦ እንግዲያው ይጣሉ። ዝቅ ካለ ይበላዎታል።

ሻሚል፦ ሰላምታም በዳይስ ሆነ? [ይጥላሉ]

ይሄይስ፦ [ደንግጦ] ሃያ!

ሻሚል፦ ጥሩ ነው?

ይሄይስ፦ ከዚህ በላይ የለም። በሕጉ መሠረት ዘንዶው ሰላምታውን የግድ ይመልሳል። [በጎርናና ድምፅ] «እግዚአብሔር ይመስገን!»

ሻሚል፦ አየህ? ክርስቲያን ነው። [ጎንበስ ብለው] ቤተሰብ ደህና? ልጆች ደህና? ከብቱ፣ አዝመራው?

ይሄይስ፦ «ደህና፣ ደህና፣ ደህና...» ጋሽ ሻሚል፣ ሰባቱንም በተራ ሊጠይቁ ነው?

ሻሚል፦ አንዱን ጠይቄ ሌላውን ብዘል አይቀየምም? የመሐለኛው ምነው እንዲህ ከሳ?

ይሄይስ፦ አልከሳም!

ሻሚል፦ አንተን አልጠየቅኩም።

ይሄይስ፦ [በንዴት፣ በጎርናና ድምፅ] «አንተ ሽማግሌ! ምን ፈልገህ መጣህ?»

ሻሚል፦ [ይነሳሉ] አንተ አለኝ?

ይሄይስ፦ እኔ አይደለሁም፣ ዘንዶው ነው።

ሻሚል፦ ዘንዶ ቢሆንስ? አሳዳጊ የለውም? ሰባት አፍ ይዞ በአንዱ እንኳ «እርስዎ» ማለት አቃተው?

ይሄይስ፦ እኔ እኮ እስካሁን እርስዎ እያልኩ...

ሻሚል፦ አንተማ ጨዋ ነህ። እሱ ነው ባለጌ። ይቅርታ ይጠይቅ፣ አለዚያ ሄድኩ።

ይሄይስ፦ [ሰው እንዳያየው ዙሪያውን ቃኝቶ] «ይቅርታ፣ ጋሽ ሻሚል።»

ሻሚል፦ ከሁሉም ልስማ።

[ይሄይስ ድምፁን አንዴ እያቀጠነ አንዴ እያወፈረ ለሰባቱም ይቅርታ ይጠይቃል። ዳማ ተጫዋቾቹ ጨዋታቸውን አቁመው ያዩታል።]

ሻሚል፦ [ተቀምጠው] አሁን ተግባባን። የትኛው ነው ታላቃችሁ? በእሱ በኩል እንነጋገር።

ይሄይስ፦ «የመሐለኛው ነኝ።»

ሻሚል፦ ኃላፊነት ነዋ ያከሳህ።

ይሄይስ፦ ጋሽ ሻሚል፣ በቃ! ዘንዶው ተቆጣ! እሳት ተፋ! ይጣሉ!

ሻሚል፦ [ይጥላሉ] አንድ።

ይሄይስ፦ [ደስ ብሎት] ጃንጥላዎ ተቃጠለ!

ሻሚል፦ [ጃንጥላቸውን አንስተው] ኧረ ደህና ናት። ይኸው።

ይሄይስ፦ በጨዋታው ተቃጥላለች።

ሻሚል፦ ጀውሃራ ስትጠይቀኝ በጨዋታው ነው የምላት? ቆይ፣ ዘንዶ፣ አስብ እስቲ። ለራስህ ሰባት ጃንጥላ ያስፈልግሃል። እዚህ አገር ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ አይታወቅም። አንተ አንዲቷን የሽማግሌ ጃንጥላ አቃጠልክ! ምን አገኘህ?

ይሄይስ፦ «ምንም...»

ሻሚል፦ ውሃውስ? ትጠጣለህ?

ይሄይስ፦ «ዘንዶ እሳት ይተፋል እንጂ ውሃ አይጠጣም!»

ሻሚል፦ ገላህን ትታጠብበታለህ?

ይሄይስ፦ «አልታጠብም!»

ሻሚል፦ ያስታውቃል። ታዲያ የማትጠጣውን፣ የማትታጠብበትን ውሃ ይዘህ ሰው ማስጠማት ምን ይባላል?

ይሄይስ፦ [በራሱ ድምፅ] ይሄ ለዘንዶው ነው ወይስ ለኔ?

ሻሚል፦ አንተ ደግሞ ሽምግልና መሐል አትግባ። ይመልስ።

[ይሄይስ ይቁነጠነጣል። ጥርሱን ነክሶ ወንበሩ ላይ ትንሽ ይመቻቻል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ በለሰለሰ የዘንዶ ድምፅ፦]

ይሄይስ፦ «እውነቱን ልንገርዎት?»

ሻሚል፦ የሚያዋጣው እሱ ነው።

ይሄይስ፦ «ከምንጩ በላይ አንድ ትልቅ ቋጥኝ አለ። ደግፌ የያዝኩት እኔ ነኝ። ብነሳ ተንዶ ምንጩን ይደፍነዋል።»

ሻሚል፦ ውይ!

ይሄይስ፦ «ከማለዳ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። እግሬ ደንዝዟል።»

ሻሚል፦ ዘንዶ እግር አለው?

ይሄይስ፦ «ይሄኛው አለው። ሰው ሁሉ እየመጣ ‹ልቀቅ› ይለኛል። ‹ምን ሆነህ ነው የማትነሳው?› ያለኝ አንድ ሰው የለም።»

ሻሚል፦ [ዓይናቸውን በእጃቸው እየጠረጉ] እኛ ደግሞ ክፉ ነው ብለን! ለምን አልተናገርክም?

ይሄይስ፦ «ያሳፍራል። ‹እኔ ያላወቅኩት ነገር የለም› ስል ከርሜ፣ አንድ ድንጋይ አቃተኝ እንዴት ልበል?»

ሻሚል፦ አይ ኩራት! ኩራት ስንቱን ጎዳው። ወንድም ዘመድ የለህም? የሚያሳርፍህ?

ይሄይስ፦ «ማን አለኝ? ሰይፍ ይዞ የሚመጣ ሞልቷል። ‹እስቲ እኔ ልያዝልህ፣ ወጣ ብለህ ተናፈስ› ያለኝ ግን የለም።»

ሻሚል፦ [ብድግ ብለው] እኔ እይዝልሃለሁ!

ይሄይስ፦ [በችኮላ] ይምላሉ?

ሻሚል፦ ወላሂ!

ይሄይስ፦ እስክመለስ?

ሻሚል፦ እስክትመለስ! ከተነቃነቅኩ ሽማግሌ አይደለሁም!

ይሄይስ፦ [ወደ ዳማ ተጫዋቾቹ ዞሮ] ሰምታችኋል?

[ተጫዋቾቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጀውሃራና ጓደኞቿም ገበጣቸውን ታቅፈው መጥተው፣ ከሻሚል ጀርባ ቆመው ሲሰሙ ኖሯል።]

ሻሚል፦ ጀውሃራ! ዘንዶው ለቀቀ! ኑ!

ይሄይስ፦ ቀስ ይበሉ። መጀመሪያ ወንበርዎን በኔ በኩል ያምጡ። እንደዚያ። እግርዎን ከጨርቁ ሥር ያስገቡ።

ሻሚል፦ ለምን?

ይሄይስ፦ ቃልዎን ሊጠብቁ። ጉልበትዎን ከፍ ያድርጉ... ከፍ... ትንሽ ወደ ግራ። ያዙት?

ሻሚል፦ ምኑን ነው የያዝኩት? ይከብዳል!

ይሄይስ፦ ጠረጴዛውን። [ጨርቁን ይገልጣል። ጠረጴዛው በዚያ በኩል እግር የለውም።]

ሻሚል፦ ቋጥኙስ?

ይሄይስ፦ ይኸው እሱ ነው። ስቀመጥ እግሩ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ በጉልበቴ ነው የቆመው።

ሻሚል፦ ለአዘጋጆቹ አትነግራቸውም?

ይሄይስ፦ «ጠረጴዛ እኔ አውቃለሁ፣ ይሄን ስጡኝ» ብዬ ከሁሉ ቀድሜ የመረጥኩት እኔ ነኝ። በምን አፌ ልንገራቸው?

ሻሚል፦ ዘንዶውስ?

ይሄይስ፦ [እያነከሰ ወደ በሩ ሲሮጥ] ሽንቱ ይዞታል!

[ሴቶቹ ወንበር እየሳቡ ይከባሉ። ጀውሃራ ከባዱን የእንጨት ገበጣ ጠረጴዛው ላይ ታሳርፋለች። ሻሚል ያቃስታሉ።]

ሻሚል፦ ጀውሃራ፣ አንድ ዙር ብቻ ነው አይደል?

[ጀውሃራ ጠጠር እየዘራች ነው። እንዳያሳስቷት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም ታሰኛቸዋለች።]

ሻሚል፦ አንተ ይሄይስ! መቼ ነው የምትመለሰው?

ይሄይስ፦ [ከበሩ ወዲያ] ሽማግሌ ይላኩብኝ!