የሦስቱ ነጫጭ ኳሶች ዘመቻ በገላን ሜዳ

አቶ ጌዲዮን የጎልፍ ዱላ በጨበጡ በሁለተኛው ዓመት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ጥር፣ ውኃ ገላን ኮንዶሚኒየምን ረቡዕና እሑድ ብቻ በምትጎበኝበት ዘመን፣ ሦስት ኳሶች ዱባይ ከሚኖር ዘመዳቸው ዘንድ ገቡ።

ኳሶቹ ነጫጭ ነበሩ፣ ክብም ነበሩ፤ እስከዚህ ድረስ ከቀድሞዎቹ አልተለዩም። ዳሩ ግን በጥቁር ካርቶን ተኝተው መጡ፤ በካርቶኑም ላይ ባለ አራት ሽፋን መሆናቸው ተጽፎ ነበርና፣ ርቱዐ ዱላ፣ ፈታሔ ነፋስ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ቡድን መሪ ጌዲዮን ከፍተው ባዩአቸው ጊዜ ልባቸው ሐሴትን ተመላ። ሁለት ዓመት ሙሉ ኳስ አልርቅ ያላቸው በክንዳቸው ጥፋት ሳይሆን በኳሱ ርካሽነት እንደነበረ ያን ቀን ተገለጠላቸው።

ወእምዝ ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰጋሽ፣ እመቤተ ሰባት ጀሪካን፣ ከኩሽና ወጥተው አዋጅ ነገሩ። አዋጁም እንዲህ ይላል፦ «ስማ ጌዲዮን! ይሄ የዱላ ከረጢትህ በረንዳዬን ከያዘ ሁለት ዓመቱ ነው። የውኃ በርሜል የማስቀምጥበት አጥቼ በጀሪካን መሀል ስዘል ነው የምውለው። ጥሩ ኳስ ነው የጎደለኝ አልክ፣ ይኸው መጣልህ። ቅዳሜ አዲሱ ከአሮጌው ከራቀ ከረጢቱ ይቀመጥ። ካልራቀ ግን ከረጢቱ ይወጣል፣ በርሜሉ ይገባል። አራተኛ ፎቅ ድረስ የምትሸከመውም አንተው ነህ!» አራተኛ ፎቅ የተባለው ሊፍት ከቶ ያልደረሰበት ምድር ነው።

ይህም በብሎኩ ሁሉ ተወራ። ከአንደኛ ፎቅም ጋሽ ተሰማ ተነሡ፤ እኒህም በምድር ባቡር ሠላሳ ዓመት አገልግለው በጡረታ የተቀመጡ፣ የጌዲዮንን ዱላ እየተዋሱ የሚጫወቱ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ቢጫ የሆኑ ሦስት አሮጌ ኳሶች ባለቤት ናቸው። እርሳቸውም በደረጃው ላይ ቆመው አዋጃቸውን አሰሙ፦ «ልጄ ጌዲዮን፣ ኳስ ኳስ ነው! አራት ሽፋን የሚያስፈልገው ብርድ ልብስ ነው እንዴ? አንተ በነጭህ ና፣ እኔ በቢጫዬ እመጣለሁ።»

ቅዳሜም ሆነ፣ ሠራዊቱም ወጣ። ከፊት የወይዘሮ አሰጋሽ ዓይንና ዳኛ ሆኖ የተሾመው የሠፈሩ ሚኒባስ ሹፌር አብርሽ፣ በጋቢና ከረጢቱ፣ ከከረጢቱ ኋላ አንድ እጃቸውን በነጭ ጓንት የሸፈኑ ጌዲዮን፣ በመጨረሻም ቢጫዎቹን በፌስታል ያንጠለጠሉ ጋሽ ተሰማ ነበሩ። የዘመቻው ስፍራ ለኢንቨስትመንት ተብሎ በቆርቆሮ ታጥሮ ስምንት ዓመት ሣር ያበቀለ ሜዳ ነው። ዘበኛው ሰቦቃ፣ አባቱ ጤፍ ያርሱበት የነበረውን ይህንኑ መሬት በደመወዝ የሚጠብቅ፣ በሩን ከፈተላቸው። ሚስቱ ዳሲቱም በዘበኛ ቤቱ ደጃፍ ዶሮዋን እየመገበች ትመለከት ነበር።

ጌዲዮን የመጀመሪያውን ነጭ ኳስ በምድር አኖሩ፤ ሦስት ጊዜ አየሩን ቀዘፉ፤ በዩቲዩብ እንደተማሩት ወገባቸውን አዞሩና መቱ። ዱላው ጧ ማለት ሲገባው ዷ አለ፣ አቧራ ተነሣ፣ መዳፋቸውንም ነዘራቸው። አንድ ነገር እንደተበላሸ በልባቸው አወቁ። ነገር ግን አብርሽ አንገቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ ታላቅ አዋጅ ነገረ፦ «ጋሼ ሄደች! በናትህ፣ ቪዛ እንኳ ሳትጠይቅ ሄደች!» ጌዲዮንም ወደ ሰማይ አዩ። ሰማዩ ባዶ ነበር፤ ባዶነቱንም ለርቀቱ ማስረጃ አድርገው ተቀበሉት።

ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ ሆኑ። ጋሽ ተሰማም በተራቸው ሦስቱን ቢጫዎች መቱ፤ መነጽራቸው በኪሳቸው ሳለ የመጨረሻው ኳስ የባሕር ዛፉን ጫፍ ሲነካ በዓይናቸው እንዳዩ መሰከሩ።

ወእምድኅረዝ በሜዳው ዳር ካሉት ባሕር ዛፎች ሥር እስከ ስድስት ሰዓት ፈለጉ፤ እበትና አንድ እግር ጫማ አገኙ፣ ኳስ ግን አላገኙም። ስለዚህም ዐቢይ ጉባኤ ተደረገ፤ ጉባኤውም ስድስቱም ኳሶች አጥሩን መሻገራቸውን፣ ነጮቹ ግን ከፍ ብለው መሻገራቸውን በአንድ ድምፅ ወሰነ። አብርሽም ብይኑን ወደ አራተኛ ፎቅ አደረሰ። ከረጢቱ በበረንዳው ጸና፤ ወይዘሮ አሰጋሽም በጀሪካን መሀል ሲዘሉ ሌላ ሳምንት ዋሉ።

በስምንተኛው ቀን ስለ ድሉ መታሰቢያ ያው ሠራዊት በዚያው ሜዳ ተሰበሰበ፣ ቢራም ተከፈተ። ጋሽ ተሰማ ብርጭቋቸውን አንሥተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ልጄ፣ ተሸንፌያለሁ! ውድ ኳስ ዋጋውን ያወጣል። ዱባይ ያለው ዘመድህ ሲመጣ ለኔም ሁለት ይያዝልኝ።» ጌዲዮንም አንገታቸውን ደፍተው ምስጋናውን በትሕትና ተቀበሉ።

በዚያች ሰዓት ዳሲቱ ትንሽ ቅርጫት ይዛ መጣች፤ በመካከላቸውም አስቀመጠችው። የዳሲቱ አዋጅ ይህ ነው፦ «ኳሶቻችሁ እነዚህ ናቸው። ባለፈው እናንተ ማዶ ስትፈልጉ፣ እኔ ከዚችው ከፊታችሁ ካለችው ቦይ ለቀምኳቸው፤ ስድስቱም አንድ ላይ ነበሩ። ልነግራችሁ ነበር፣ ደስ ብሏችሁ ሳይ ዝም አልኩ። ለዶሮዬ አንድ ነጭ፣ አንድ ቢጫ አስቀመጥኩላት፤ ሁለቱንም እኩል አቀፈቻቸው። ይኸው አልነሣም ብላ አሳዘነችኝና መለስኩላችሁ።»

ጌዲዮን ከቆሙበት እስከ ቦዩ በእግራቸው ለኩ፤ አሥራ ስምንት እርምጃ ሆነ። ያን ጊዜ ወደ ሰማይ ያየ ማንም አልነበረም።

እነሆ ጌዲዮን ርቱዐ ዱላ፣ ከገላን እስከ ኮዬ ፈጬ አቻ ያልተገኘላቸው፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከረጢቱን በገዛ እጃቸው አወረዱ፤ ሰማያዊውንም በርሜል በትከሻቸው ተሸክመው ሊፍት ወዳልደረሰበት ምድር ወጡ፤ ስማቸው በብሎኩ ለዘላለም ይጠራ። በሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ ቁጭ ብለዋል የሚሉ አሉ፤ ይህ መጽሐፍ ግን ከፍ ብለው መሻገራቸውን መዝግቧል።