ባትሪ የሚያስታምሙት ጋሽ አያሌው

ባትሪ እንደ በሽተኛ የሚያስታምም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፍኖተ ሰላም ያሉት ጎረቤቴ፣ ጡረተኛው መምህር ጋሽ አያሌው፣ ሶላር ካስተከሉ ወዲህ ዓይናቸው ከስልካቸው አይነቀልም፤ ባትሪው ስንት እንደቀረው እዚያ ላይ ያያሉ። መብራት ጠፍቶ ባለቤታቸው ቴሌቪዥን ሊከፍቱ ካሉማ፣ «ኧረ ተይው፣ ይደክማል!» ይላሉ።

በቀደም መብራት እንደጠፋ የጎረቤታችን የእማማ ጥሩወርቅ አስም ተነሣ። የመተንፈሻ መሣሪያቸው ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም። ጋሽ አያሌው ይህን ሲሰሙ ሮጠው ገመድ በአጥር አሻገሩና ሰኩላቸው። ስልካቸውን ግን ላለማየት ለባለቤታቸው ሰጡ።

እማማ ትንፋሻቸው መለስ ሲል፣ «ውይ፣ ባትሪዎን ጨረስሁብዎ!» አሉ።

«ይለቅ እንጂ! ፀሐይማ ነገም ትወጣለች፤ እርስዎን ከየት አመጣለሁ?»