ልጄን ሊፕስቲክ ቀብቼ የተዋረድኩበት ቀን

ዛሬ መካነ ሰላም ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በአደባባይ የተዋረደችው ሴት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔው! ወሬው ከላላ ከተማ ሳይደርስ ራሴው ልንገራችሁ። መብራት ጠፍቷል፤ ስልኬ ሳይዘጋ ልጨርሰው።

ለማታውቁኝ፦ ከአረብ አገር ከተመለስኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ልጄን ሂክማን በሦስት ዓመቷ ትቻት ሄጄ፣ ሰባት ሊሞላት ሲል ተመለስኩ። ያሳደገቻት ታላቅ እህቴ ናት። ሂክማ እሷን "እማየ" ትላታለች።

እኔን "አንች"።

በቃ፣ "አንች"!

ታዲያ ይቺን ልጅ በምን ላባብላት? በውበት ነዋ! ዛሬ ጠዋት ዩኒፎርሟን አልብሼ አሥሩንም ጥፍሯን ቀይ ቀባኋት። ከዚያ ሊፕስቲክ። ከዚያ ጉንጯንም ነካ ነካ። አንዴ ከተጀመረ መቼ ይቆማል!

እህቴ በር ላይ ቆማ አየችን። "ምነው አንች፣ ልጅ እኮ ናት!"

"እኛስ ልጅ ሆነን እንሶስላ ስንሞቅ አልነበር? ኩሉስ? ሂናውስ? ያ ሲሆን ባህል፣ ይሄ ሲሆን ብልግና?"

ራሷን እየነቀነቀች ወደ ጓዳ ገባች። ወላሂ፣ ያሸነፍኩ መሰለኝ! ፎቶ አንስቼ "ፕሪንሰሴ" ብዬ ፖስት አደረግኩ። አይታችሁታል። ግማሾቻችሁ "ማሻአላህ" አላችሁ፤ ግማሾቻችሁ "ሕፃን ልጅ እንዲህ አይደረግም" አላችሁ። የተቃወማችሁትን ሁሉ ብሎክ አደረግኩ። (አክስቴ፣ ይቅርታ። ብሎክ ስለሆንሽ ይቅርታውም አይደርስሽም።)

ሂክማ በፎቶው ላይ አልሳቀችም። ያስተዋለ ነበር? እኔ አላስተዋልኩም።

ስድስት ሰዓት ላይ ልወስዳት ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወላጁ ሁሉ ተኮልኩሏል። ልጄ ወጣች።

ከንፈሯ ተፈትጎ ቅላቱ አገጯ ድረስ ወርዷል። ጥፍሯ ተቧጭሯል። ሁለት ጣቶቿ በጨርቅ ታስረዋል፤ በጨርቁ ላይ ደም አለ።

ደም!

ከዚያ በኋላ ሰው አልነበርኩም። አስተማሪዋ ቲቸር አስቴር ከኋላዋ ብቅ ስትል ተቀበልኳት። "በምንድን ነው የፋቅሻት? በምላጭ ነው? አንች ያልተቀባሽውን ልጄ ብትቀባ ቀናሽ አይደል! ሰው ሠልጥኖ ሲመጣ ያንገበግባችኋል!"

አንድ አዛውንት ሸኽ "ልጄ፣ ረጋ በይ። እስቲ እሷም ትናገር" አሉኝ።

"እርስዎ ዝም ይበሉ!" አልኳቸው። ኒካሄን አስረው የዳሩኝን ሰው!

ቲቸር አስቴር ሂክማን ብቻ አየቻት።

"እሷ አይደለችም" አለች ልጄ። "እኔ ነኝ። በግንቡ ፋቅሁት።"

"ለምን?"

"አረብ አገር አልሄድም።"

በሩ ላይ ያለው ወላጅ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

"ማን ሂጅ አለሽ?"

"አንች ቀባሽኛ! ፎቶው ላይ አንችም ቀይ ነሽ።"

የትኛው ፎቶ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ልሄድ ስል ፎቶ ቤት ገብቼ የተነሳሁት ነው፤ ከንፈሬም ጥፍሬም ቀይ። እህቴ ልጄ እንዳትረሳኝ ብላ በየቀኑ "ይሄ እናትሽ አረብ አገር የሄደች ቀን ነው" እያለች ታሳያት ነበር። አራት ዓመት ሙሉ! ልጄ የምታውቃት እናት ያቺ ናት። የተቀባ ሰው ይሄዳል። አለቀ።

"ግንቡ ላይ ስትፍቅ ደርሼ ነው ያስቆምኳት" አለች ቲቸር አስቴር፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ከንፈሯንም 'እጠቢልኝ፣ ይወስዱኛል' ብላ ብታለቅስ ነው ያጠብኩላት።"

ጣቶቿ የታሰሩበት ጨርቅ ከአስተማሪዋ ሻርፕ የተቀደደ መሆኑን ያኔ ነው ያየሁት።

ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው "እሺ" ነው። እሺ! ምን ማለት ነው እሺ?

እህቴ ተጠርታ መጣች። ሂክማ ሮጣ እጇን ያዘቻት። እኔ ከኋላ ከኋላቸው፣ ቤቱን እንደማያውቅ እንግዳ።

ከሰዓት ተመልሼ ቲቸር አስቴርን ይቅርታ ጠየቅኳት። ሸኹ ቤት ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። "አብሽሪ፣ ከእናት አንጀት የወጣ ነው" አሉኝ። ይሄ ቀላሉ ነበር።

ከባዱን እስካሁን ከእናንተም ደብቄዋለሁ። ቪዛዬ መጥቷል። በሚቀጥለው ወር ተመልሼ እሄዳለሁ። ጠዋት የቀባኋትም ለእሷ ብዬ አይደለም፤ እዚያ ስሠራ ስልኬ ላይ የማያት ቆንጆ ፎቶ እንዲኖረኝ ነው። ልጄ ማንም ሳይነግራት ነገሩን አውቃዋለች። የሳተችው ተጓዡን ብቻ ነው።

ሕፃን ልጅ ትቀባ፣ አትቀባ የሚለውን እናንተ ተከራከሩበት። እኔ የተረፈውን ቀለም ከጥፍሯ ላይ በአሴቶን ሳስለቅቅላት፣ ቀና ብላ አየችኝና "እንግዲህ ማንም አይሄድም አይደል?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

እናንተስ ምን ትሏት ነበር?