ዜና ዘመቻ ዘአቶ ጥዑመልሳን፦ የሲቀላን ሰልፍ ስለ መመርመራቸው፣ የነዳጁንም ቧንቧ ወደ አርባ ምንጭ ስለ መሳባቸው

ይህ ዜና እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬ ብገኝ በጫሞ ዳር ስሄድ አዞ ይጎትተኝ፤ ያውም ትልቁ።

ወኮነ በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ቤንዚን እንደ ሙሽራ በሚጠበቅበት፣ ባጃጅ በሰው ትከሻ በሚገፋበት፣ ሪዛቸው ቀድሟቸው በር በሚገባ በአቶ ጥዑመልሳን የትንበያ ዘመን፣ እኒህ የሲቀላ አንበሳ፣ የካልኩሌተር ጌታ፣ ሴቻ ባለው የዞኑ መሥሪያ ቤት የነዳጅ ፍላጎት ተንባይ ሆነው ሳሉ፣ ከአዲስ አበባ ታላቅ ወሬ መጣ። ወሬውም፣ ወደ ደቡብ የሚዘረጋ የነዳጅ ቧንቧ ታስቧል፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪዎች ሳይመረምሩት አንድ ክንድ እንኳ አይቀበርም፤ የጋሞ ምድር ወደፊት የሚጠጣው ነዳጅ ብዙ ከሆነ ቧንቧው አርባ ምንጭ ይደርሳል፤ ጥቂት ከሆነ ግን ሶዶ ላይ ያበቃል የሚል ነበር።

«ሶዶ ላይ ያበቃል» የምትለዋን ቃል በሰሙ ጊዜ ጀግናው በአሳ ቤቱ የሚበሉትን የአሳ ለብለብ ትተው ተነሡ፤ ጠረጴዛውን መቱ፤ ሚጥሚጣው ተበተነ፤ ተመጋቢው ሁሉ አስነጠሰ፤ በማስነጠሱም መካከል ይህን አዋጅ ነገሩ፦

«ስማ፣ የሴቻ ሰው! ስማ፣ የሲቀላ ሰው! ቧንቧው አርባ ምንጭ ካልደረሰ ይህ ሪዝ ከዚህ ከንፈር በላይ አያድርም! ተላጭቼ እንደ ሕፃን ልጅ ታዩኛላችሁ!»

ጥግ ይዞ ይበላ የነበረው ኦይታ፣ የጫሞ አሳ አስጋሪ፣ ይህን ሰምቶ አጥንቱን ከአፉ አወጣና የመልስ አዋጅ አወጀ፦

«ሰምታችኋል አይደል? ጋሼ፣ ምላጩን በእኔ ጣለው! አዲስ ነው፣ አይዞህ፣ አይቆርጥህም!»

ከዚያች ሰዓት ወዲህ የከተማው ዓይን ከቧንቧው ይልቅ ሪዙ ላይ ሆነ። ቀላል ሪዝም አልነበረም፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ በለጥሽ እንኳ የላይኛ ከንፈራቸውን አይታ አታውቅም።

ወእምዝ ጀግናው ከላይኛው የአርባ ምንጭ ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ ለመዝመት ተነሡ። የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነው፤ የፈረሰኞች አለቃ ጉታ፣ ባለ ባጃጅ፣ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምር፣ ከመዘምራኑ የተዋሰውን ሜጋፎን አንገቱ ላይ አጥልቆ፤ ከጉታ ኋላ ካልኩሌተሩ፤ ከካልኩሌተሩ ኋላ ጃንጥላው፤ ከጃንጥላው ኋላ ምላጩን በወረቀት ጠቅልሎ ኦይታ። ባጃጇም ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተሯን አጥፍታ በቁልቁለቱ ወረደች፤ ጫሞና አባያም ግርማቸውን አይተው ግራና ቀኝ ተከፍለው አሳለፏቸው።

ሲቀላም ደርሰው ሰልፉን አዩ። የባጃጁ ሰልፍ ከማደያው በር ተነሥቶ ይሄዳል፤ ከመጨረሻው ባጃጅ ጅራት ደግሞ ቢጫ ጀሪካን በቢጫ ጀሪካን እየተከተለ ማዕዘኑን ዞሮ ከዓይን ይጠፋል። ባለቤቶቹ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ በአገሩ ልማድ ጀሪካን ተራ ይጠብቃልና፣ የሰው ጀሪካን የገፋ ሰውየውን እንደ ገፋ ይቆጠራልና። በዚያው ሰሞን የሲቀላ የቤት ውኃ ተቋርጦ ነበር፤ ይህ ግን ከታሪካችን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ጀግናውም ጠዋት ጠዋት የሚታጠቡበት ውኃ ከየት እንደሚመጣ ጠይቀው አያውቁም፤ ለትንሽ ነገር ጊዜ አልነበራቸውምና።

ጥቂት አሰቡ፤ ብዙ ተነበዩ። ጀሪካን ይዞ ለነዳጅ የሚሰለፍ ማነው? መኪና ራሱ ይሰለፋል፤ ባጃጅ ራሷ ትሰለፋለች፤ ማደያ ድረስ መምጣት የማይችል ጀልባ ብቻ ነው! ስለዚህ ጀሪካን ሁሉ ጀልባ ነው፤ ጀልባም ሁሉ ባለ ሞተር ነው። ጣታቸው ካልኩሌተሩ ላይ ጋለበች፤ የሕዝቡን ዕድገት አባዙበት፤ የሙዙን ምርት አባዙበት፤ የዶርዜን ብርድ ሳይቀር አባዙበት፤ ካልኩሌተሩም መሸከም አቅቶት የስሕተት ምልክት አወጣ፤ እርሳቸው ግን «እልፍ አእላፋት» ብለው ተረጎሙት።

ኦይታ፣ ጫሞ ላይ የሚበዛው ጀልባ በመቅዘፊያ እንደሚሄድ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው፣ ምላጩ ያለበትን ኪሱን ዳበሰ።

የተቆጣጣሪዎቹም ቡድን ደረሰ። አለቃቸው ኢንጂነር ሀሌሉያ በሴቻ አዳራሽ ቆማ እንዲህ አወጀች፦

«ቧንቧ አንዴ ከተቀበረ ለልጅ ልጅ የሚቆይ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ እየገባ ነው፤ ዛሬ ለነዳጅ የተሰለፈ ነገ ላይሰለፍ ይችላል። ነዳጅ ፈላጊውን በዓይናችን አሳዩን!»

ጀግናውም ሪዛቸውን በሁለት እጃቸው ጠምዝዘው መለሱ፦

«የኤሌክትሪክ መኪና የዶርዜን ዳገት ሲያይ እናቱን ይጠራል! ይግባ ብንል እንኳ፣ ጫሞ ላይ የባሕር ኃይል አለን! ተነሡና እዩ!»

ወረዱ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጀግናው ማዕዘኑ ላይ፣ ጃንጥላቸው ሥር ቆሙ፤ ሰልፍን እስከ ራሱ ድረስ በእግር መከተል ለማዕረጋቸው አይመጥንምና። ኢንጂነሯና ጓደኞቿ ግን ጀሪካኑን ተከትለው ዞሩ፤ ጥቂትም ቆይተው ተመለሱ። እነሆ፣ ፊታቸው ሁሉ ርሶ ነበር፤ ይህም የአድናቆት እንባ ነው። ትከሻቸውም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይህም የጀግናው ግርማ ነው። ኢንጂነሯም የጉታን ሜጋፎን ተቀብላ በሕዝቡ ፊት ፍርዱን ተናገረች፦

«የአርባ ምንጭ ሰዎች፣ ችግራችሁን አይተናል! ቧንቧ ያስፈልጋችኋል! ነገር ግን...»

እዚህ ላይ የሜጋፎኑ ባትሪ አለቀ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ታይቷል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያለችው ጨዋነት የተሞላበት ስንብት ብቻ እንደ ሆነ ጉታ መስክሯል።

ያን ጊዜ ደስታ ሆነ! ባጃጆቹ በሌላቸው ቤንዚን ጡሩንባ ነፉ፤ ጀግናው በትከሻ ተነሡ፤ ሰልፈኛው ጀሪካኑን እየደበደበ አጀባቸው፤ እስከ ግቢያቸውም በእልልታ አደረሷቸው። ጉታም ባትሪ ቀይሮ፣ በረንዳው ላይ ቆሞ ይህን ውዳሴ አሰማ፦

«ማን እንደ ጋሽ ጥዑሜ! ተነበየ፣ ቧንቧው ታዘዘ! ቆመ፣ ሰልፉ ተቆጠረለት! ባሕር በሌለበት ባሕር ኃይል ያገኘ፣ ተቆጣጣሪን ያስለቀሰ፣ ሶዶን በሩቅ ያስነጠሰ! ሪዙ እንደ ዋርካ ይስፋ! ቅርንጫፉ ሥር ወፍ ይስፈር!»

ሕዝቡም «አሜን!» አለ። ጀግናው ሪዛቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ጠመዘዙ፤ ምላጩን በኪሱ የያዘው ኦይታ ብቻ አቀርቅሮ ቆመ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ በለጥሽ የሚተን ሳፋ ይዛ ከጓዳ ወጣች፤ ወንበራቸው አጠገብም አስቀመጠችና ጎንበስ ብላ በለሆሳስ ተናገረች፦

«ጥዑሜ፣ ጀሪካኑ እኮ የቦኖ ውኃ ሰልፍ ነበር። ቦኖው ከማዕዘኑ ወዲያ ነው። የእኛም ጀሪካን ነበረችበት። ሴትዮዋና ጓደኞቿ ሙቀቱ አንገብግቧቸው አየሁና ፊታቸውን ያስታጠብኳቸው እኔ ነኝ፤ ‹ቧንቧስ ያስፈልጋችኋል፣ ነገር ግን የውኃ ነው፤ የነዳጁ ሶዶ ላይ ይቀራል› ስትል ከጎኗ ነበርኩ። የተረፈውን ውኃ ይኸው አሙቄልሃለሁ። ኦይታ፣ ምላጩን አምጣልኝ።»