በአደራ የከረሙት አስራ ሁለት ዲስኮች

«ሲስተም የለም» የምትለውን ንግግር ማን እንደፈጠራት ባውቅ ደጁ ድረስ ሄጄ የምጠይቀው ነገር ነበረኝ። ድሮ ባለጉዳይ የሚሸኘው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባለ ነበር። ያ እንኳ ደግ ዘመን ነው፤ ስብሰባ ቢረዝም ቢረዝም ምሳ ሰዓት ላይ ይበተናል። ሲስተም ግን የት እንደሄደ፣ ማንን አስፈቅዶ እንደወጣ፣ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ከዋጃ በሚኒባስ ተጭኖ የመጣው ገበሬ ይህን ይሰማል፣ አንገቱን ይደፋል፣ በመጣበት ይመለሳል። እናንተም ተብላችሁ ታውቃላችሁ። እኔ ደግሞ፣ ይቅር በሉኝና፣ ባዮቹ ወገን ነኝ። ቆቦ ውስጥ የመሬት መዝገብ የሚይዝ አንድ ቢሮ አለ፤ ስሙን አልነግራችሁም፣ እንጀራዬ ነው። እዚያ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ የምናደደው ከውስጥ ሆኜ ነው።

መጀመሪያ ሰርቨሩን ላስተዋውቃችሁ። አንድ ሰው ብቻውን የማያነሳው የብረት ሳጥን ነው። ደረቱ ላይ አስራ ሁለት ዲስኮች ተደርድረዋል፤ የአካባቢው መሬት በሙሉ፣ ከነወሰኑ ከነባለቤቱ፣ ተቆራርጦ በአስራ ሁለቱ ላይ ተበትኗል። አንዱን ብቻ ይዛችሁ ብታነቡት ምንም አይነግራችሁም። ሁለቱ ቢሞቱ የቀሩት ይሸፍኑላቸዋል። ሦስተኛ ከተጨመረ ግን የሁሉም ሰው መሬት በአንድ ቀን ይጠፋል። ከነዚህ ሌላ አንድ ትንሽ ዲስክ ሆዱ ውስጥ አለች፤ አስራ ሦስተኛ እንበላት። እሷ የማንንም መሬት አልያዘችም። ሥራዋ ጠዋት ጠዋት ማሽኑን መቀስቀስ ብቻ ነው።

ያ ክፉ ጊዜ ሲመጣ (ሁላችንም ስለምናውቀው ዝርዝሩን ልለፈው) ቢሮው ባዶውን ሊቀር ሆነ። የኛ አገር ሰው ክፉ ቀን ሲሸተው ከብቱን አንድ በረት አያቆይም። ላሚቱን ለአማቱ፣ በሬውን ለሚዜው፣ ጊደሯን ሌላ ቀበሌ ላለችው እህቱ ይበትናል፤ አንዱ ቤት ቢዘረፍ ሌላው ይተርፋል። እኔም ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልመጣልኝም። አስራ ሁለቱን ዲስኮች መዘዝኩ፣ በቁስል ፕላስተር ላይ ቁጥር እየጻፍኩ ለጠፍኩባቸው፣ ከዚያ ለማምነው ሰው ሁሉ አደልኩ። አንዱን ለበርበሬ ነጋዴው፣ አንዱን ለጎረቤቴ ለቄሱ፣ አንዱን ለባጃጅ ሾፌሩ። ሰባት ቁጥር የደረሰችው ለእትዬ ዘይነብ ነው። እትዬ ዘይነብ የሮቢት ሰው ናቸው፤ ባላቸው ሞተውባቸው በሁለት ጥማድ መሬት የሚተዳደሩ። የዚያን ቀን ለጉዳይ መጥተው «ሲስተም የለም» ተብለው ደጃፉ ላይ ቀርተው ነበር። ያልኳቸው እኔው ነኝ።

«ምንድነው ይሄ?» አሉኝ።

«የሰው መሬት ነው» አልኳቸው።

በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉት። «በዚህች ልክ? እሽ፣ አማና ነው፣ አደራ» ብለው በሻሻቸው ቋጥረውት ሄዱ። ፊርማ የለ፣ ደረሰኝ የለ።

ኃላፊያችን ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። «የመንግሥት ንብረት ያለ መረከቢያ ቅጽ!» አስራ ሁለቱ ወጥተው ስላለቁ ያቺን አስራ ሦስተኛዋን ያዙ። ቅጹ በሦስት ኮፒ ተሞላ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት፤ ዲስኳም መሳቢያቸው ውስጥ ገብታ ተቆለፈች፤ ቁልፉ ኪሳቸው ገባ። በዚያ ጥድፊያ መሀል ማኅተም ፍለጋ ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብናል።

አገር ሰላም ሲሆን ቢሮው ተከፈተ። እኔ አዋጅ ልናገር ወይስ ቤት ለቤት ልዙር እያልኩ ሳስብ፣ ማንም ሳይጠራቸው ሰዎቹ ራሳቸው መምጣት ጀመሩ። አንዱ ዲስክ በርበሬ በርበሬ እየሸተተ መጣ። አንዱ በሕፃን ፎጣ ተጠቅልሎ። የቄሱ ከዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ወጣ። በመጨረሻ እትዬ ዘይነብ ሰባት ቁጥርን ይዘው ደረሱ፤ ጎተራ ውስጥ፣ ከማሽላው ሥር ቀብረዋት ነበር። አስራ ሁለቱም ተመለሱ። አንድ እንኳ አልጎደለም።

እትዬ ዘይነብ ግን አልሄዱም። ቤታቸው ሲዘረፍ ሳጥናቸው ተወስዶ ኖሯል፤ የይዞታ ደብተራቸውም ከሳጥኑ ጋር። ይህን የሰማ የባላቸው ወንድም ሁለቱን ጥማድ «የኔ ነው» ብሎ ከሷቸዋል። ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ማስረጃ ካላቀረቡ መሬቱ ሄደ።

«ዲስኩን ሲቀብሩ ደብተርዎንስ ለምን አብረው አልቀበሩትም?» አልኳቸው።

«እሱማ የራሴ ነው፤ አማና አይደለም» አሉኝ።

ወላሂ፣ እዚያው መቀመጥ አቃተኝ።

ዲስኮቹን በየቦታቸው መልሼ ሰርቨሩን አበራሁ። ጮኸ፣ አጓራ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር ጻፈ፤ ባጭሩ ወደኛ ቋንቋ ሳመጣው «አስራ ሁለት ባዕድ ዲስኮች አግኝቻለሁ፤ ልቀበላቸው ወይስ ታሪካቸውን ልፋቀው?» የሚል ነው። ባዕድ! ማሽኑ መብራት አጥቶ ብዙ በመክረሙ የውስጥ ባትሪው ሞቶ የገዛ አካሎቹን ረስቷል። ለሱ እፈርድለታለሁ፤ ብረት ነው። ኃላፊው ግን በትከሻዬ በኩል አጎንብሰው አነበቡና ፊታቸው በራ።

«በቃ ፋቀው፣ አዲስ ጫን። በዚህ ሳምንት ጎብኚዎች ይመጣሉ፤ ማሽኑ በርቶ መታየት አለበት።»

«መዝገቡስ?»

«ከሰው ጎተራ የወጣ ዕቃ ንጹሕ ለመሆኑ ማን ኃላፊነት ይወስዳል? ማሽኑ ራሱ ባዕድ ናቸው እያለህ!»

ደሜ ፈላ። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ከነአቧራው፣ ከነጥሙ ከደጃፋችን ስንመልስ የኖርን እኛ፤ ሕይወቱን አስይዞ መዝገባችንን ያቆየልንን ሰው አላምንም ልንል! ለጎብኚ የሚበራ መብራት ከተፈለገ እኮ ከገበያ አምፖል መግዛት ይበቃል። ይህን ሁሉ በልቤ ነው ያልኩት፤ ልጆች አሉኝ። በአፌ ያልኩት አንዲት ቃል ናት።

«እኔ እፈርማለሁ።»

ፈረምኩ። «የሚደርሰውን ጉዳት ሁሉ በግሌ እወስዳለሁ» የሚል ወረቀት፤ አሁንም በሦስት ኮፒ። ከዚያ «ተቀበላቸው» የሚለውን ተጫንኩ። መብራቶቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ መሆን ያዙ። አራት ቁጥር ቀይ ሆነች፤ ሞታለች። አስራ አንድም ሞታለች፤ የቆቦ ሙቀት ሰው እንኳ ያዝላል፣ አልፈርድባቸውም። ከሁሉ ወደ ኋላ የቀረችው የሰባት ቁጥር መብራት ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም አለ። ይቺ ሦስተኛ ከሆነች የሁሉም አለቀለት፤ የእትዬ ዘይነብም፣ የኔም። ዞር ስል እትዬ ዘይነብ በሩ ጋ ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ዱዓቸውን ሳይጨርሱ አረንጓዴ ሆነች። መሰኪያዋ ውስጥ የገባች የማሽላ ፍሬ እንዳለች ያወቅኩት በኋላ አቧራውን ሳራግፍ ነው፤ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለች።

ማሽኑ ግን አሁንም አልነሳም አለ። «የምነሳበት አጣሁ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ቀስቃሿ የለችም። አስራ ሦስተኛዋ!

«መሳቢያዎ ውስጥ ያለችውን» አልኳቸው ኃላፊውን። ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። ቁልፉ አለ። መሳቢያው አለ። ቅጹ በሦስት ኮፒ፣ ማኅተሙ ሳይደበዝዝ፣ ጥርት ብሎ አለ። ዲስኳ የለችም። መቼ እንደጠፋች፣ ማን እንዳነሳት እስካሁን አልታወቀም። ኃላፊው ወረቀቱን አገላበጡት፤ ሥሩ ተደብቃ እንደሆነ ብለው መሰለኝ። ከዚያ «ቅጹ እኮ የተሟላ ነው» አሉ። እስቲ አሁን ይህን ሰው ምን ትሉታላችሁ?

ደግነቱ አስራ ሦስተኛዋ የምትተካ ናት። በፍላሽ ሌላ ቀስቃሽ አዘጋጅቼ ማሽኑን አስነሳሁት፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መዝገቡ ተከፈተ። የእትዬ ዘይነብን ስም ጻፍኩ። ሁለት ጥማድ፤ በምሥራቅ የጎርፍ መጥለፊያው ቦይ፣ በምዕራብ መንገዱ። አትሜ ሰጠኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሐሙስ ዕለት መሬታቸው ጸናላቸው።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ሁለት ዓይነት ደብዳቤ ወጣ። አንዱ «ንብረትን በሕጋዊ ርክክብ በመያዝ ላሳዩት አርአያነት» ለኃላፊያችን የተሰጠ ምስጋና። ሌላው ለአስራ ሁለቱ ሰዎች፦ «የመንግሥት ንብረት ያለ ርክክብ ቅጽ ለምን እንደያዛችሁ በጽሑፍ እንድታስረዱ።» አድራሹም እኔ እንድሆን ታዘዝኩ። ሮቢት የሄድኩት ፊቴን የማደርግበት አጥቼ ነው። እትዬ ዘይነብ ማሽላቸውን ያበራያሉ። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው።

«ያች የመሳቢያዋስ፣ ተገኘች?»

«አልተገኘችም።»

እጃቸውን አራገፉ።

«በል ጻፍልኝ። አላህ አያምጣውና እንዲያ ያለ ቀን ዳግም ከመጣ፣ የመሳቢያዋንም ለኔ ስጡኝ ብላለች በል።»

እንዳሉት ጻፍኩ፤ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት። በሦስት ኮፒ።