አማርኛ የማይነገርበት ግቢ

በሬ ሲገዙ ጥርሱን ገልጦ ማየት ይቻላል። ትምህርት ቤት ሲመርጡ ግን ምኑን ገልጠው ያዩታል? አጥሩ ላይ የተሳለው አንበሳ የሁሉም ያው ነው፤ «የነገ መሪዎችን እናፈራለን» የማይል የለም። ይህ ሁሉ መሪ አድጎ ማንን እንደሚመራ እንጃ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አልጋና ቁም ሣጥን የምሠራ አናጢ ነኝ። ልጃችን ትርሲት አንደኛ ክፍል ልትገባ ስትል፣ አልጋ ሊያዝዝ የመጣው ሁሉ መካሪ ሆነብኝ። አንዱ «እዚያ ጨዋታ እንጂ ትምህርት የለም» ያለኝን ትምህርት ቤት፣ ሌላው «ልጅ አያጫውቱም» ብሎ ያማዋል። መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥም ይባላል። መካሪ የበዛበት አባት ስንት ዓመት እንደሚነግሥ ግን የነገረኝ የለም።

ባለቤቴ ወይንሸት ምኞቷ አንድ ነው፦ እንግሊዝኛ። ሉማሜ ያለው የእኅቷ ልጅ በስልክ በእንግሊዝኛ ካዋራት ወዲህ ዕረፍት የላትም። ምን እንዳላት አልገባትም፤ ደስ ያሰኛትም ያልገባት መሆኑ ነው።

አንድ ጠዋት ሦስታችን በከተማው ስሙ ወደ ገነነ የግል ትምህርት ቤት ሄድን። ርእሰ መምህሩ ግቢውን እያዞሩ አሳዩን።

«ከአማርኛ ክፍለ ጊዜ በቀር፣ እዚህ ግቢ አማርኛ መናገር ክልክል ነው» አሉን በኩራት።

ይህንንም ያሉን በአማርኛ ነው።

የዕረፍት ሰዓት ነበርና አንድ ትንሽ ልጅ ሲሮጥ ቧንቧው አጠገብ ወደቀ። መምህርቷ ደርሳ ጎንበስ አለችና፣ ርእሰ መምህሩን በዓይኗ ሰረቅ አድርጋ አይታ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። ልጁ ዝም። ደግማ ጠየቀችው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ቃል ግን አልወጣውም፤ እንባው ብቻ ወረደ። ይኼኔ ትርሲት ከእጄ አምልጣ ሄዳ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«የቱ ጋ ነው ያመመህ?»

ክንዱን አሳያት። ከዚያ ጉልበቱን፣ ከዚያ የገፈተረውን ልጅ፣ ከዚያ ቁርሱን ሳይበላ መምጣቱን ሁሉ ዘረገፈላት።

«ልጅዎ ለግቢው አዲስ ስለሆነች ነው፤ ትለምዳለች» አሉኝ ርእሰ መምህሩ።

«ምኑን ነው የምትለምደው? ዝም ማለቱን?»

«እኔን አይቆጡኝ እንጂ» አሉ ረጋ ብለው፤ «ደንቡን አጥብቁልን የሚሉን ወላጆች ናቸው።»

ወደ ወይንሸት ዞር ብል ጫማዋን ታያለች።

ከግቢው እንደወጣን ራሷ «ይቅርብን፤ ሌላ እንፈልግ» አለች። በትምህርት ቤት ነገር ስንስማማ የመጀመሪያችን ነበርና ደስ አለኝ። ደስታዬ እስከ አስፋልቱ እንኳ አልደረሰም። ትርሲት መንገድ መሐል ቀጥ አለች።

«እኔ እዚያ ነው የምማረው።»

«ለምን?»

«ያን ልጅ ማን ያዋራዋል?»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱላት ነበር? እኛ መስከረም ላይ አስገባናት።

ባለፈው ርእሰ መምህሩ አስጠሩን። ልጃችሁ ከመጣች ወዲህ ክፍሉ በሙሉ በአማርኛ ማውራት ጀምሯል፣ ምከሯት አሉን። ወይንሸት አንገቷን ደፍታ ሰማች፤ «እሺ» ብላ ወጣች። ጥቂት እንደተራመድን ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቼ፣ ታለቅሳለች ብዬ ደነገጥሁ።

ለካ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነው።